አሥራ ሁለቱ ቢጫ ቀፎዎች

ማክሰኞ ረፋድ፣ ዝናቡ ባቆመ በሦስተኛው ሳምንት

ለምወድህ፣ ዛሬ ግን ክፉኛ ለተናደድኩብህ ወንድም ጋሼ፤

ደህና ነህ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። ጣራው ከተጠገነ ወዲህ አያፈስም። ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ ወለደች፣ ሴት ናት፤ ከአሁኑ ጩኸቷ ዋናው መንገድ ድረስ ይሰማል። ይኸው ሰላምታውን ጨረስኩ። አሁን ወደ ጸባችን እንግባ።

ከባሕር ማዶ የላክኸው ደብዳቤ ዓርብ ደረሰኝ። ቆሜ አነበብኩት። ቁጭ ብዬ ደገምኩት። ለእማዬ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀምሬ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ምነው? ታመመ እንዴ?» አለችኝ።

«አልታመመም፤ ሀብታም ሆኗል» አልኳት።

አልገባትም። አንተ ግን ይገባሃል። ምናልባት ረስተኸው እንደሆነ የጻፍከውን ልድገምልህ፦ «የጋራዡ ልጆች ሪፖርቱን አንብበው በጣም አዘኑ። ከአሥራ ሁለት ቀፎ አሥራ አንዱ ባዶ! ሰው ራሱን ለመርዳት ካልፈለገ ማን ይረዳዋል? አለቃችን እንዳለው፣ ልመና የለመደ እጅ ሥራ አይይዝም። ሁለተኛውን ዙር ላለመላክ ተስማምተናል። አንቺም ልብሽን አታድክሚ።»

ልመና የለመደ እጅ! ይህን ያለው ያ በላካችሁት ፎቶ ላይ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚታገለው ሰውዬ ነው አይደል? እስቲ ጠይቅልኝ፤ በዕድሜው ስንት ቀፎ ከፍቶ አይቷል? ስንቴ ተነድፏል? እኔ ባለፈው ዓመት ብቻ አንድ ዓይኔ ሁለት ጊዜ አብጦ ተዘግቶብኛል። በቀረው ዓይኔ ያየሁትን ነው አሁን የምጽፍልህ። ሪፖርቱ ላይ የለም።

ከሥሩ ልጀምር። እነዚያ አሥራ ሁለት ቤተሰቦች እነማን እንደሆኑ ታውቃለህ? የአንዳቸው መሬት ከጋራዣችሁ ግቢ አይበልጥም። ያችን አርሰው፣ ዘርተው፣ አርመው ስምንት ወር ይበላሉ። የቀሩትን አራት ወራት እርዳታ መጋዘኑ በር ላይ ይሰለፋሉ፤ ስንዴ ይሰፈርላቸዋል። ያን ሰልፍ አንድ ቀን ቆመህ እየው። ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ የፊተኛውን ሰው ጀርባ ሲያይ ነው የሚውለው። ለስንፍና የሚሰለፍ ሰው እንዲህ አያፍርም።

እኔ ዲግሪዬ ላይ ያለው ማኅተም ሳይደርቅ እርዳታ ቢሮው ገብቼ «ንብ እንስጣቸው» ያልኩት ለዚህ ነበር። ላም ሳር ትፈልጋለች፤ በግ መዋያ ይፈልጋል። ንብ ግን መሬት አትጠይቅም። ከጎረቤት ማሳ፣ ከመንገድ ዳር ቁጥቋጦ፣ የማንም ካልሆነ ጋራ ለቅማ ትመጣለች፤ «አጥሬን ዘለልሽ» ብሎ የሚከሳት የለም። ይህን ስጽፍልህ አንተ ለባልደረቦችህ አነበብክላቸው፤ እነሱም በምሳ ሰዓታቸው አዋጥተው ላኩ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳሁትም። ለእናንተ ያለኝን ምስጋና ዛሬም አልቀነስኩም። እንዲያውም የምጮኸው ስጦታችሁ መልካም ስለነበር ነው። ለመጥፎ ስጦታ ማን ይጮሃል?

የመንደሩ አናጢ አሥራ ሁለቱን ሳጥኖች ሠራ። ነጭ እንጨት፣ መጋጠሚያው ወረቀት የማያሳልፍ፣ ሽታው ራሱ ደስ የሚል። እዚያ ላይ ብንተወው ኖሮ!

ከዚያ የአለቃችሁ ደብዳቤ መጣ፤ የአውቶቡሳችሁ ፎቶ አብሮት ነበር። «ቀፎዎቹ እንደ አውቶቡሶቻችን ቢጫ ቢሆኑ፣ በጎናቸውም የጋራዡ ስም በሰማያዊ ቢጻፍ ደስ ይለናል» ይላል። ክፉ አላሰባችሁም። ሰው በሰጠው ነገር ላይ ስሙን ማየት ይወዳል። ሥራ አስኪያጃችን ግን (ሰው በሌለበት «አቶ ሪፖርት» እንለዋለን) ደብዳቤውን ሲያይ ዓይኑ በራ። «እንዲያውም የኛም ዓርማ ይጨመር። ስልክ ቁጥራችንም ይጻፍ» አለ።

«ንቧ ልትደውልልን ነው?» አልኩት በሆዴ። በሆዴ ብቻ። ጥፋቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው፤ በሆድ መናገር።

የምረቃው ቀን ሐሙስ ተባለ፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። ቀለሙ የተገዛው ሰኞ ነው። ማን ቀባው ብለህ ጠይቀኝ እንግዲህ። እኔ ነኝ። እጅጌዬን ሰብስቤ፣ እየዘፈንኩ ቀባሁ። ውጪውን ብቻ ቀብቼ ባበቃሁ ደግ ነበር። ቀለም ተረፈኝ። «ውስጡም ይቀባ፣ እንጨቱ እንዳይበሰብስ፣ ለልጅ ልጅ ይድረስ» አልኩና ውስጡንም ቀባሁት! ወንድም ጋሼ፣ ኮሌጅ እያለሁ የንብ እርባታ መጽሐፋችን ውስጥ ስለ ቀለም የሚናገር አንድ ገጽ ነበር። ውጪው ብቻ ይቀባል፤ ሽታው እስኪጠፋም ሳምንታት ይጠበቃል ይላል። ሸምድጄዋለሁ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ። ብሩሽ ስጨብጥ ግን ገጹ ከጭንቅላቴ በረረ፤ ያየሁት ሐሙስን ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ «ችኩሊት» ትለኝ አልነበር? አልተለወጥኩም።

ማክሰኞ እየቀባሁ ሳለሁ አንዲት ሴት መጣች። ከአሥራ ሁለቱ ባለቀፎዎች አንዷ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ምንም ነገር ብትላት መጀመሪያ «ቆይ» ስለምትል አገሩ ሁሉ «እትዬ ቆይ» ይላታል። በሩ ላይ ቆማ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች።

«ይሄ ምንድነው ልጄ?»

«ቀለም ነዋ እትዬ። አያምርም?»

«ማማሩንስ ያምራል። ውስጡንም ቀባሽው?»

«እንዳይበሰብስ ብዬ።»

«ቆይ፣ ውስጡ የምትኖሪው አንቺ ነሽ?»

አናጢው ከኋላዬ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ። የጋራዡን ስም አሳየኋት፤ «ቀፎውን የሰጡት ሰዎች ስም ነው» አልኳት።

«እግዜር ይስጣቸው፣ አያሳጣቸው። ግን ቆይ... ንብ ማንበብ ትችላለች?»

«እስከ ሐሙስ ይደርቃል እትዬ፣ አታስቢ።»

«ቀለም ይደርቃል። ሽታ ግን አይደርቅም፤ ሽታ ይወጣል፣ የሚወጣውም በራሱ ጊዜ ነው እንጂ በናንተ ሐሙስ አይደለም። በይ የኔን ስጪኝ።»

«ምረቃው ላይ ተሰልፈሽ ነው እኮ የምትቀበይው! ትልልቅ ሰዎች ናቸው የሚሰጡሽ።»

«ትልልቆቹ ሲመጡ ትልልቁን ይስጡ። እኔ ትንሿን ይዤ ልሂድ።»

ተሸክማው ሄደች። ያልደረቀው ቢጫ ትከሻዋ ላይ ታትሞ ቀረ።

ሐሙስ ሪባን ተቆረጠ። የተደረገውን ንግግር ብዛት አልነግርህም፤ ፀሐዩ ላይ ቆመው ከሰሙት ሽማግሌዎች አንዱ ቁጭ ብሎ እንቅልፍ ወስዶታል። ሥራ አስኪያጃችን ለፎቶ ሰዎቹን ሲደረድር ቆጠረና ወደ እኔ ዞረ።

«አሥራ ሁለተኛዋ የት አለች?»

«ቤቷ ናት፤ ቀፎዋን እያናፈሰች።»

«ፎቶዬን አበላሸችብኝ እኮ! ሥነ ሥርዓት የሌላት ተጠቃሚ ናት ብለሽ ያዢልኝ።»

ያዝኩለት። በገዛ እጄ ጻፍኩት።

በዚያው ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአንድ ንብ አርቢ የገዛናቸውን መንጋዎች ከሸምበቆ ቀፏቸው እያወጣን ወደ ቢጫዎቹ ሳጥኖች አስገባን። እትዬ ቆይ ድርሻዋን ከነሸምበቆው ጓሮዋ እንዲያስቀምጥላት ንብ አርቢውን ለመነችው፤ አስቀመጠላት።

አንተ የሞተር ሕመም በጆሮህ ታውቃለህ አይደል? ቀፎም እንደዚያው ነው። ጆሮህን ስትለጥፍበት ደህና ቀፎ ዝቅ ብሎ ያለማቋረጥ ያጉረመርማል፤ ሥራ ላይ እንዳለ ሞተር። በአራተኛው ቀን የመጀመሪያው ቀፎ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ጸጥ ብሏል። ክዳኑን ስከፍት የቀለም ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ውስጡ ጥቂት የሞቱ ንቦች ብቻ። በአሥር ቀን ውስጥ አሥራ አንዱንም ንቡ ጥሏቸው ኮበለለ።

አንድ ባዶ ቀፎ አጠገብ አንድ አባት ተቀምጠው አገኘኋቸው። ለቀፎው ከፀሐይ መከለያ በሳር ሠርተውለት ነበር፤ ጉንዳን እንዳይወጣበት እግሮቹን በአመድ ከበውት ነበር። ቀና ብለው አዩኝና «ምን አጠፋሁባቸው ልጄ?» አሉኝ። «እንዲያው ምን አጠፋሁባቸው?»

መልሱን አውቃለሁ። ክዳኑን ገጥሜ ሄድኩ። ወንድም ጋሼ፣ በዚህ ደብዳቤ ከማንም በላይ የተቆጣሁት በማን ላይ እንደሆነ ከዚህ ገምት።

ከዚያ ሪፖርት ተጻፈ፤ እናንተ እጅ የገባው ማለት ነው። «ተጠቃሚዎቹ ባሳዩት የክትትል ጉድለትና ዝቅተኛ ተነሳሽነት» አይደል የሚለው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው! ቀለሙን ያዘዘው አልተጠቀሰ። የቀባችው አልተጠቀሰች። ንቡን ለሐሙስ ሲል ያጣደፈው አልተጠቀሰ። ድሃ ሲሳሳት ስንፍና ይባላል፤ እኛ ስንሳሳት ተሞክሮ ተብሎ ስብሰባ ይጠራበታል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ጭራሽ አልተሳሳቱም! የኛን ስህተት ነው ያሸከምናቸው። እናንተም በባሕር ማዶ ሆናችሁ በላዩ ላይ ፈረማችሁበት።

«ሰው ራሱን ለመርዳት ካልፈለገ» ትለኛለህ። አንተ! የእማዬ የስፌት መኪና ከሰማይ የወረደ መሰለህ? አባዬ በሞተ ዓመት፣ መልካቸውን እንኳ የማናውቃቸው ሰዎች አዋጥተው የገዙላት ናት። የመጀመሪያው ሸሚዟ አንዱ እጅጌ ከሌላው በስንዝር በልጦ አንተ ለብሰኸው ትምህርት ቤት ሄድክ፤ «ረጅም ክንድ» ሲሉህ ከረሙ። ስንት መርፌ ሰበረች፣ ስንት የሰው ጨርቅ አበላሸች! መጥቶ «ይቺ ሴትዮ ሰነፍ ናት፣ መኪናውን መልሱ» ያለ ሰው ነበር? ቢኖር ኖሮ አንተ ዛሬ መካኒክ ነህ? ያቺ መኪና አንተን አስተማረች፤ አንተ እኔን አስተማርክ፤ እኔ ደግሞ ቀፎ ቀባሁ።

ቆይ፣ አልጨረስኩም። (አየህ፣ ተጋባብኝ።) የአሥራ ሁለተኛውን ቀፎ ነገር ሪፖርቱ እንዴት እንዳስቀመጠው አስተውለሃል? «አንዱ ቀፎ በቢሮው የቅርብ ክትትል ውጤታማ ሆኗል።» በቢሮው! የቅርብ ክትትል! እውነቱ ይኸውልህ። እትዬ ቆይ ሳጥኗን ቤቷ ወስዳ የውስጡን ቀለም በተሰበረ ጠርሙስ ፋቀችው፤ እስከ ነጩ እንጨት። በአመድ ውኃ አጠበችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ክዳኑን ከፍታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፤ ማምሻውን ታስገባለች፣ ሲነጋ ታወጣለች። ጎረቤቶቿ «እትዬ ቆይ ሳጥን ልታገባ ነው» እያሉ ሳቁባት። በመጨረሻ አፍንጫዋን አስገብታ አሸተተች፣ ውስጡን በሰም አሸችው፣ ከዚያ ነው ንቦቹን ያስገባችው። ውጪው እስካሁን ቢጫ ነው፤ የጋራዡ ስምም አለበት። «እሱን ለምን ተውሽው?» ብላት «ስማቸው ምን አደረገኝ? ውጪ እስካደረ ድረስ ደህና እንግዳ ነው» አለችኝ።

በዓመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ማር ቆረጠች። ከመጀመሪያው አናጢውን ሁለተኛ ቀፎ አሠራች፤ ያልተቀባ። ከሁለተኛው የጎደላትን የአራት ወር እህል ሸመተች። ባለፈው ወር የሆነውን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለሌላ ጉዳይ መጋዘኑ በር ላይ ነበርኩ። ሰልፉን ይዛ ቆየችና ተራዋ ሲደርስ ጆንያ አልዘረጋችም።

«ስሜን ሰርዘው» አለችው ጸሐፊውን።

«ምን አጠፋን እትዬ?»

«ምንም። የምበላው አለኝ።»

ጸሐፊው ግራ ገብቶት ብዕሩን አስቀመጠ። «ቆይ...» አለ።

«ቆይ የኔ ናት፣ የራስህን ፈልግ» አለችው። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

«ሰው ለመግባት ሲያለቅስ ነው የማውቀው እኮ። የመውጫ ፎርም የለኝም!»

«ብዕርህ ለመጻፍ ብቻ ነው የተሠራው? ሰርዝበታ።»

ከኋላዋ ያለችው ሴት ዝም ማለት አልቻለችም፤ «ማር ስትልሺ ስንዴ ተጠላ በይው!» አለቻት።

«ስንዴውን ማን ጠላ? ሰልፉን ነው እንጂ። አንቺም ነገ ነይና ላሺ፤ ማንኪያ ግን ይዘሽ ነይ፣ የኔን ልጆቹ ሰብረውታል።»

ጸሐፊው ስሟን ሰረዘ። እሷም ወረቀቱን አስዙራ፣ ማንበብ ሳትችል፣ መስመሩ መሰመሩን አይታ ሄደች። ያን ቀን ስትራመድ ብታያት! ያን አረማመድ ፎቶ የሚያነሳ አልነበረም። የሥራ አስኪያጃችን ካሜራ የሚወጣው ለሪባን ነው።

ይህንን ነው እናንተ የሰጣችሁት፤ የላካችሁት አንድ ቀፎ አንዲትን ሴት ከሰልፍ አወጣ። ደግሞ በዚህ አላበቃም። ንቦቿ ሲበዙ መንጋዋን ከፈለች፤ ለማን እንደሰጠች ታውቃለህ? «ምን አጠፋሁባቸው» ላሉኝ አባት ነው። መጀመሪያ ግን ቀፏቸውን እስከ እንጨቱ አስፋቀቻቸው፤ አናፈሰችላቸው፤ አሸተተችላቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሌሎች ቤተሰቦችም ከሷ ንብ ወስደዋል። ሦስት ቀፎ ያጉረመርማል ማለት ነው፤ ያለ ቢሮ፣ ያለ ሪባን፣ ያለ እኔ። ስምንት ቀርተዋል። እሷ ግን የሌላትን ከየት ታምጣ? በየዓመቱ ከሁለት ወይ ከሦስት መንጋ በላይ መክፈል አትችልም፤ እንዲህ ከሆነ የመጨረሻው ቤተሰብ ገና ለብዙ ዓመት ሊሰለፍ ነው።

ስለዚህ የምለምንህ ይሄ ነው፤ አዎ፣ እየተቆጣሁ እለምንሃለሁ። ሁለተኛው ዙር ይላክ። ሳጥን አንፈልግም፣ ሳጥን አለን። ለስምንት ቤተሰብ ስምንት የንብ መንጋ፣ ሰምና ማጨሻ። አሠልጣኟ እትዬ ቆይ ትሁን፤ ለድካሟም ይከፈላት፤ እኔ ተማሪዋ ነኝ። ቀለም አትላኩ። ስማችሁን ማየት ከፈለጋችሁ ሰዎቹ ስማችሁን ያውቁታል፤ እትዬ ቆይ ማር በቆረጠች ቁጥር «ባለአውቶቡሶቹ» እያለች ትመርቃችኋለች።

ትናንት ሰኞ ጠዋት የሪፖርቱን ማስተካከያ ጽፌ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ውስጡን የቀባሁት እኔ ነኝ ነው የምትዪው?»

«አዎ። የቸኮሉት እርስዎ፣ የቀባሁት እኔ። እነሱ ምንም አላጠፉም።»

«ለጋሽ ስህተት አይወድም ልጄ።»

«ውሸትስ ይወዳል?»

«አንቺ ገና ነሽ። ይሄ ወረቀት ከዚህ ቢሮ ከወጣ ለሌሎቹ መንደሮች የሚመጣውም ይቀራል። የአንድን መንደር ስም ለማጥራት የስንቱን ጉሮሮ ልትዘጊ ነው?»

እውነቱን ልንገርህ፣ ይሄ ነገሩ ልቤ ውስጥ ገባ። ሌሊቱንም ሳስበው ነው ያደርኩት። ግን አሥራ አንድ ሰው «ሰነፍ» አሰኝቶ የሚመጣ እርዳታ ለሚቀጥለው መንደርም ያንኑ ስም ይዞለት ነው የሚሄደው። እዚያው ፊቱ ቆሜ ይህንኑ ነገርኩት።

«ወረቀቱን ውሰጂና ወደ ሥራሽ ተመለሽ» አለኝ።

«ካልወሰድኩስ?»

መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ በኋላ የተባባልነውን አልጽፍልህም፤ ወረቀት ይጨርሳል።

አሁን ያለሁት እትዬ ቆይ ግቢ ነው፤ የምጽፍልህ በተገለበጠ ቀፎ ላይ ነው። ለእማዬ «የመስክ ሥራ ነው፣ ትንሽ እቆያለሁ» ብያታለሁ። መስክ ላይ ነኝ፤ ሥራም ነው፤ አልዋሸኋትም። እትዬ ቆይ አጠገቤ ሆና ሰም እያቀለጠች «ብዕሩ ወረቀቱን እየወጋው ነው፤ ቆይ፣ ቁጣሽ ይብረድና ነገ ላኪው» ትለኛለች። በሁሉም ነገር እሰማታለሁ፤ በዚህ ግን አልሰማትም። ወደ ከተማ የሚሄደው መኪና ቀትር ላይ ያልፋል።

ይህን ደብዳቤ ለብቻህ አንብበህ ኪስህ አትክተተው። በምሳ ሰዓት፣ ሁሉም ባለበት፣ ጮክ ብለህ አንብበው። ስለ አለቃህ ሆድ የጻፍኩትን ብትዘል ይቅር እልሃለሁ። እኔ ውስጡን መቀባቴን የጻፍኩበትን ግን አንዲት ቃል እንዳትዘል።

መልስህን በእማዬ አድራሻ ላክልኝ፤ በቢሮው አትላክ። ሌላ ምክንያት የለውም፤ እዚያ ፖስታ ይዘገያል። ለእሷም ስለዚህ ነገር አትጻፍላት፣ ጉልበቷን ያማታል። ደግሞ የምታውቀው ካለ ንገረኝ፤ የአውቶቡስ ቀለም ስታስለቅቁ ሽታ የማይተው ዘዴ አላችሁ ወይ? ጠርሙሱ እጄን ጨረሰው።

እጅህ አይዛል። ቁልፍህ አይንሸራተት። ከመኪና ሥር ስትገባ ክሪኩን ያጽናልህ። የሰጠኸውም፣ ልትሰጥ ያሰብከውም በልጆችህ ይመለስልህ። ተቆጥቼሃለሁ እንጂ አልጠላሁህም፤ በዓለም ላይ እንዲህ አድርጌ የምጽፍለት ሌላ ሰው የለኝም።

ታናሽ እህትህ

ወረቀቱ ጥግ ላይ ያለው ቢጫ አሻራ የአውራ ጣቴ ነው። የአውቶቡሶቻችሁ ቀለም ነው፣ ታውቀዋለህ። ስምንቱን ባዶ ቀፎዎች ከየቤቱ ሰብስቤ እዚህ ግቢ ደርድሬያቸዋለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሬ የአንዱን አንድ ጎን ብቻ ነው የጨረስኩት፤ እትዬ ቆይም አሽትታ «ገና ነው» ብላ መለሰችልኝ። በዚህ አያያዜ ሁሉንም ፍቆ ለመጨረስ ወራት ይፈጃል። ግድ የለም። ጊዜ ሞልቶኛል።